ሳይዘፈዘፍ የታየ ኦፓል

የካቲት 3፣ ሰኞ

ዘጠኝ ድንጋይ ገባ። ሁሉም ኦፓል፣ ሁሉም ከአንድ ጉድጓድ የወጣ፣ ሁሉም በሆዱ ቡናማ ነገር የያዘ። አንዳንዱ የሣር አገዳ ይመስላል፤ አራተኛው ደግሞ ቅርንጫፍ አውጥቶ የቆመ ችግኝ ነው የሚመስለው። ያመጣችው ነጋዴ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረችና ሳትቀመጥ፣ "እህቴ፣ እባክሽ ተክል ነው በይልኝ። ተክል ከሆነ ሙዚየም ይወስደዋል" አለችኝ።

"እኔ የምለው ድንጋዩ የሚለኝን ነው" አልኳት።

"እሱ ዝም ካለስ?"

"እኔ ጋ ዝም ያለ ድንጋይ የለም።"

ሳቀች። እኔ ግን የቀልዴን አልነበረም። ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ የድንጋይ መመርመሪያ ቤት ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቻለሁ፤ ከፈረምኩት የምርመራ ወረቀት አንድም ተሽሮ አያውቅም። በኦፓል ውስጥ ተክል የሚመስል ነገር ተክል አይደለም። ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን በስንጥቅ እየሰረገ ገብቶ የሚስለው ሥዕል ነው። ስንቱ ቅጠል ነው፣ ሥራሥር ነው እያለ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ሄዷል። ወረቀቱ የሚፈለገው ለወሩ መጨረሻ ነው። እኔ እስከ ረቡዕ እጨርሰዋለሁ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ውሃ የለም። ሕንጻው በሙሉ ደርቋል፤ ቧንቧ ፈንድቶ ነው አሉ። ያለ ውሃ ደግሞ ሥራ የለም። ይህ ዓይነቱ ኦፓል ደረቁን እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠግብ እንደ መስታወት ይጠራል፤ ያኔ ሆዱ ይታያል። የመመሪያችን የመጀመሪያው መስመር "ዘፍዝፈህ እይ" ነው የሚለው። ውሃውም የተጣራ መሆን አለበት። ማጣሪያው ውሃውን የሚያገኘው ከቧንቧ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብሎ መተያየት።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

አሁንም የለም። ነጋዴዋ ሁለት ጠርሙስ የታሸገ ውሃ ይዛ ከች አለች። "ይኸው ውሃ! እኔ ከጠጣሁት ድንጋይ ይንቀዋል?" የታሸገ ውሃ ጨው እንዳለበት፣ ድንጋዩን እንደሚያበላሽባት አስረዳኋትና አንዱን ጠርሙስ እኔው ጠጣሁት።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈት እጅ አላስቀምጥ አለኝ። አራተኛውን ድንጋይ ደረቁን ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኩት። በአንድ ጎኑ ቀጭን ስለሆነ ብርሃን ትንሽ ያሳልፋል። ቡናማው ነገር ውስጥ ክፍሎች አየሁ። ትናንሽ፣ ማዕዘን ያላቸው፣ እንደ ጡብ ግንብ በሰልፍ የተደረደሩ። ማዕድን እንዲህ አይሰለፍም።

መብራቱ ነው። አምፖሉ ከተቀየረ ቆይቷል።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

አምፖል አስቀየርኩ። ውሃ መጣ። አራተኛው ተዘፈዘፈ። አራት ሰዓት ጠበቅኩ፤ ጠራ። ክፍል የለም፤ ጡብ የለም። ቡናማ ቅርንጫፍ ብቻ። ማንጋኒዝ። አልኩ አይደል!

የካቲት 7፣ ዓርብ፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ልጻፍ።

ድንጋይን ደረቁን የሚያዩ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ጋሼ። ይህን ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወረንጦ ስይዝ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን የት ላይ ማቆም እንዳለብኝ፣ አንዱን ዓይን ሳልጨፍን በሌላው ማየትን፣ "አይመስለኝም" ብሎ መጻፍ ነውር እንዳልሆነ። የመጨረሻውን አልተማርኩትም፤ አላስፈለገኝም።

ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ልክ እንዲህ ያለ ኦፓል መጣ። ጋሼ አዩትና "ተክል" ብለው ፈረሙ። አልዘፈዘፉትም። ለምን ሲባሉ "ውሃው ይሸፍነዋል" አሉ። ውሃ ይገልጣል እንጂ ይሸፍናል እንዴ? ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ እንደ መመሪያው ዘፍዝፌ አየሁት፤ ማንጋኒዝ ነበር። ወረቀታቸው ተሻረ፤ የሻርኩትም እኔ ነኝ። ከወር በኋላ መመሪያ ሳይከተሉ ሠርተዋል ተብለው ተሰናበቱ። ማሰናበቱ የእኔ ሥራ አልነበረም። እኔ የተጠየቅኩትን ግማሽ ገጽ ነው የጻፍኩት። ወንበራቸው ላይም ፈልጌ አልተቀመጥኩም። ባዶ ስለነበረ ነው።

አሁን ዋናው መንገድ ላይ ጠባብ ሱቅ ይዘው መነጽር ይጠግናሉ ይባላል። እኔ የምመላለሰው በታችኛው መንገድ ነው። ያጥራል።

የካቲት 10፣ ሰኞ

አራተኛው ደረቀ። ክፍሎቹ ተመልሰዋል።

የካቲት 14፣ ዓርብ፣ ማታ

ሳምንቱን ሙሉ ከሦስት ድንጋይ ጋር ድብብቆሽ ስጫወት ከረምኩ። ዘፈዘፍኩ፤ ክፍሎቹ ጠፉ። አደረቅኩ፤ መጡ። እንደገና ዘፈዘፍኩ፤ ጠፉ። ሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ ነው የሰጡኝ፤ እኔ ነኝ ሦስቴ የጠየቅኳቸው።

ነገሩ ገብቶኛል። ተክሉ ድሮ ወደ ኦፓልነት ተለውጧል፤ ግድግዳውም ክፍሉም። ልዩነታቸው ግድግዳው በጣም ረቂቅ ቀዳዳዎች ያሉት፣ በቀዳዳዎቹም ውስጥ አየር ያለ መሆኑ ነው። ደረቅ ሲሆን ብርሃኑ አየሩ ላይ ይደናቀፋል፤ ስለዚህ ግድግዳው ይታያል። ውሃ ሲገባበት የሚያደናቅፈው ነገር የለም፤ ሁሉም አንድ መስታወት ይሆናል፤ ግድግዳው ይሰወራል። የሚቀረው ቡናማው ቀለም ብቻ ነው። ቀለሙ እውነትም ማንጋኒዝ ነው፤ ተክሉን የቀባው። ስለዚህ እኛ በውሃ ውስጥ ያየነው ውሸት አልነበረም። ግን ድንጋዩ እንዲታየን ብለን ባጠጣነው ቁጥር ማየት የነበረብንን እያጠፋን ነበር። በዓለም ላይ ይህን ስህተት ሊሠራ የሚችለው እንደኛ ጠንቃቃ የሆነ ሰው ብቻ ነው። የመንገድ ላይ ሻጭ ቢሆን ደረቁን አይቶ "እንጨት አለበት" ይልና ያልፋል።

"ውሃው ይሸፍነዋል" ማለት ይህ ነበር። ታዲያ ለምን በደንብ አላስረዱንም? አንድ ሰው ለሃያ ዓመት ባለሙያ የሆነበትን ነገር በሁለት ቃል ብቻ ተናግሮ ዝም ይላል?

ያስረዱ ነበር መሰለኝ። እየሳቅን ነበር።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ታናሽ እህቴ አብራኝ ነው የምትኖረው፤ ልብስ ሰፊ ናት። ዛሬ መነጽሯን አስጠግና መጣች። የት እንዳስጠገነች አልጠየቅኳትም።

"ደህና ናቸው" አለች መርፌዋን እየሰካች።

"ማን ጠየቀሽ?"

"ዓይንሽ። ትንሽ ከስተዋል፤ ቀልዳቸው ግን እንዳለ ነው። ዛሬም በታችኛው መንገድ ነው የመጣሽው?"

"ያጥራል።"

"በማን እግር? ሃያ ደቂቃ እኮ ይረዝማል።"

"ጥላ አለው።"

"እሺ፤ ጥላ ይኑረው" አለችና ስፌቷን ቀጠለች። እህቴ ክርክር ስታሸንፍ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ያ ነው የሚያበሽቀኝ።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ሥራ አስኪያጁ ገባ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጭቅጭቅ ይፈራል።

"እትዬ፣ ነጋዴዋ አላስቀምጥ አለችኝ። እንደ ወትሮው ማንጋኒዝ ብለው ይገላግሉኝ።"

"ተክል ነው።"

"እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉት?"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

"ኧረ ዓይንዎ ለእኛም ያስፈልጋል" አለና ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ መዝገቡን አስመጣ። ዘፍዝፈን "ማንጋኒዝ" ያልነው አርባ አንድ ድንጋይ ነው። ሠላሳ ስምንቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። የውጭ ሰው ካላረጋገጠ አንድ ፊደል አይወጣም አለ። ይረጋገጣ! እኔ የራሴን ዓይን አልጠረጥርም። የጠረጠርኩት አምፖሉን ነበር፤ እሱም ይቅርታ ይገባዋል።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር አንዲት የዕፅዋት መምህርት ጋ ሄድኩ። ፎቶዎቹን ብቻ ሰጠኋት፤ ከምን እንደተነሱ አልነገርኳትም። ግድግዳው ሙሉ የደረቀ ቅጠል ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ፈተና ተከምሯል። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች።

"ማን ነው የቆረጠው? እጁ ጥሩ ነው። የእኔ ተማሪዎች እንዲህ አቅጥነው መቁረጥ አቅቷቸው ዓመቱ አለቀ።"

"ማንም አልቆረጠውም። ድንጋይ ነው።"

"ምን አሉኝ?"

"ኦፓል ነው። በውስጡ ነው ያለው።"

መነጽሯን አወለቀች፤ አደረገች። ከዚያ እኔን ረስታ ከፎቶው ጋር ማውራት ጀመረች። የሣር ወገን ነው፤ ሸምበቆ ወይም የሸምበቆ ዘመድ፤ እርጥብ ቦታ የበቀለ። እነዚህ ሕዋሶቹ ናቸው፤ እነዚህ ሰፋፊዎቹ ደግሞ ረግረግ ውስጥ ሲኖር አየር የሚያመላልስባቸው ቦዮች። "ሕይወት ነበረው" አለች። አገዳ ነው ሥር? ብዬ ስጠይቃት "በዚህ ፎቶ ብቻ አልምልም" አለች። ለእኔ ግን አገዳ መሆኑ ግልጽ ነው።

ደብዳቤዋን ጽፋ፣ ፈርማ ሰጠችኝ። ስመለስ በደስታ የምበር መስሎኝ ነበር።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ጋሼ የፈረሙበት ያ የድሮው ድንጋይ የትም አልሄደም። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የምናስተምርበት ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። "ተክል የሚመስል ማንጋኒዝ፤ አትታለሉ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። የእኔ ጽሑፍ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ድንጋይ ሰው አስተምሬያለሁ፤ አንድም ቀን ደረቁን አላየሁትም፤ ሁልጊዜ ዘፍዝፌ ነው ማይክሮስኮፑ ሥር የማደርገው።

ዛሬ ደረቁን አየሁት። ክፍሎቹ አሉ። ከዘጠኙም ከሁሉም በላይ ያምራሉ።

ከዚያ መዝገብ ቤት ወርጄ የጋሼን ፋይል አስወጣሁ። ግማሽ ገጽ የመሰለኝ ጽሑፌ ሁለት ገጽ ተኩል ነው። "እንዲጽፉ ስለታዘዙ" የሚል ደብዳቤ ፈለግኩ፤ የለም። የጠየቀኝ ሰው የለም። ራሴ ጽፌ ራሴ ነኝ ያስገባሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ "ዕድሜያቸው የገፋ በመሆኑ" ይላል። ያኔ እሳቸው አሁን እኔ ባለሁበት ዕድሜ ላይ ነበሩ።

ፋይሉን መለስኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ "አገኙት?" አለችኝ። አገኘሁት አልኳት።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ሥራ አስኪያጁ መላ አመጣ። ለዘጠኙ "ተክል" ይባል፤ የድሮዎቹ ባሉበት ይቅሩ፤ መመሪያው ቀስ ብሎ ይሻሻል። "የጋሼም ነገር ያለፈ ነው፤ ሰውዬው መነጽር እየጠገኑ ደህና ይኖራሉ። የዳነ ቁስል ምን አስነካን? ስለ እርስዎም ስም አስቤ ነው።"

ልክ ነህ አልኩት። ደግ ልጅ ነው። ቤት እስክደርስ ልክ ነበር።

እራት ላይ ለእህቴ ነገርኳት። ሳታኝክ አየችኝ።

"አንቺ ቁስሉ መዳኑን ማን ነገረሽ?"

  ሳህኑን አነሣሁና ንጹሕ ብርጭቆዎች ሳይቀሩ አጠብኩ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ሥራ አስኪያጁን ልክ አይደለህም አልኩት። ሁሉም ድንጋይ እንደገና ለምርመራ ይመለሳል። የእኔም የጋሼም። "ወረቀት አያንስህም፤ ቀለም ካነሰህ እኔ እገዛለሁ።"

የካቲት 28፣ ዓርብ

የመሻሪያ ቅጽ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ "የሻረው ባለሙያ"፣ ሌላው "የተሻረው ባለሙያ"። ሁለቱም ላይ የእኔን ስም ጻፍኩ። ጸሐፊዋ ተሳስቼ መስሏት ሌላ ቅጽ ልታመጣልኝ ተነሣች። "ተቀመጪ፤ አልተሳሳትኩም" አልኳት። ከዚያ፣ "ማለቴ፣ ተሳስቻለሁ፤ ቅጹ ግን ልክ ነው።"

የጋሼን ውሳኔ የሻረው ውሳኔ ተሻረ፤ ድንጋዩ የሸምበቆ አገዳ መሆኑ የእሱንም ፎቶ ባየችው የዕፅዋት መምህርት ደብዳቤ ተደግፎ ተጻፈ፤ ከሥራ የተሰናበቱበትም ምክንያት ትክክል እንዳልነበረ በአንድ አንቀጽ ሰፈረ። አንቀጿን ሥራ አስኪያጁ ሊቆርጣት ፈልጎ ነበር። አልቆረጣትም፤ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ነጋዴዋ የዘጠኙን ወረቀት ተቀብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ሻይ ክፍል ስገባ ወሬው ተቋረጠ፤ ግን የመጨረሻዋን ሰምቻለሁ፤ "ለካ እሷም ትሳሳታለች።" ሻዬን ቀዳሁ። ስኳር ሦስት ጨመርኩ፤ እኔ ሻይ በስኳር አልጠጣም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ወረቀቱን ለጋሼ በፖስታ ቤት መላክ ይቻላል አሉኝ። የለም፣ በእጄ ነው አልኩ። ሄድኩ። ከሱቁ ማዶ ቆምኩ። ተመለስኩ። ደንበኛ ይዘው ነበር።

ደንበኛ አልያዙም። ብቻቸውን ነበሩ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ዛሬ ገባሁ።

ሱቁ ከሁለት ሰው በላይ አይዝም። ግድግዳው ላይ ባለቤት የሌላቸው መነጽሮች ተሰቅለዋል። ጋሼ ጥቃቅን ብሎን እያጠበቁ ነበር፤ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ እጃቸው ግን አይንቀጠቀጥም። ቀና ሳይሉ፣ "ምን ሆኖ ነው? ብሎን ነው መስታወት?" አሉ።

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"እግርሽን ስትጎትቺ አውቄሻለሁ። ምን ሆኖ ነው አልኩ።"

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። መስታወት ፊት ቆሜ ሁለቴ ተለማምጄዋለሁ፤ እህቴ ሰምታ ስቃብኛለች። ተውኩት። ፖስታውን ሰጠኋቸው።

ሁለት ጊዜ አነበቡት። "የሻረው" የሚለውን መስመር በጣታቸው ነኩ፤ "የተሻረው" የሚለውንም ነኩ። ቀና ብለው አላዩኝም። ከዚያ ፎቶዎቹን አወጡ፤ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰኩ፤ አንድ በአንድ አዩዋቸው። 

"አገዳ ነው ያለሽ ማን ነው?"

"አቤት?"

"'የሸምበቆ አገዳ' ብለሽ ጽፈሻል። አንጓው የታለ? አገዳ አንጓ አለው። ይህችን ቅርንጫፍ ደግሞ እያት፤ ከየት ነው የወጣችው? ከመሃል ተነሥታ ላዩን በስታ። እንዲህ የሚወጣ ሥር ነው።"

"ጋሼ፣ ውፍረቱን ሲያዩት ግን..."

"ውፍረቱን ተይው። አንጓ አሳዪኝ።"

እኔ ልለቅ? አልለቀቅኩም። ፎቶ በፎቶ ተከራከርን፤ አንድ በርጩማ ከጠረጴዛው ሥር በእግራቸው ገፉልኝ፤ ተቀመጥኩ፤ ሁለት ደንበኛ መጥቶ "ቆይ" ተብሎ ተመለሰ። አንጓ የለም። ሥር ነው። ልክ ናቸው። ሃያ ሦስት ዓመት ሳልሻር ኖሬ፣ በስምንት ቀን ውስጥ ሁለቴ ተሻርኩ።

ፎቶዎቹን እየሰበሰብኩ ነበር የተናገርኩት፤ እጄ ሥራ ባይዝ አልናገረውም ነበር።

"ጋሼ፣ ያን ጊዜ የጻፍኩትን... ማንም አላዘዘኝም ነበር።"

"አውቃለሁ። አሳይተውኛል። ፊርማው ተሸፍኖ ነበር።" ማጉያውን አውልቀው በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። "ግን የእጅ ጽሑፍሽን ያስተካከልኩልሽ እኔ አይደለሁ?"

ይቅር ይበሉኝ አልኩ። አፌን ሞልቼ፣ ደግሜ አልኩ። ወረቀቱን አጥፈው ወደ ፖስታው መለሱት፤ ፖስታውን የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ኪሱን በእጃቸው ተጭነው ያዙ።

"ወረቀቱን ተቀብያለሁ" አሉ። "አንቺን ገና ነኝ።"

እሺ ጋሼ ብዬ ወጣሁ። መንታ መንገዱ ጋ ስደርስ አለቀስኩ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ፣ አፍንጫዬን በእጄ እየጠረግኩ። ገና ማለት እምቢ ማለት አይደለም። ሰኞ ጠዋት "አገዳ" የሚለውን ሰርዤ "ሥር" ብዬ እጽፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እዚያች በርጩማ ላይ ነኝ።